ጉልናር ማለት

ወልቂጤ አጠገብ፣ ጉብሬ የምትኖረው ልጃችን ሴት ልጅ ተገላገለች። ሚስቴ ሮማን ልታርሳት ቀድማ ሄዳ፣ እኔ ሁለት ሳምንት ቡታጅራ ብቻዬን ሽሮ ሳንተከትክ ከረምኩና፣ «መጥተህ ለልጅቷ ስም አውጣላት» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ ተነሳሁ። በእኛ ቤት ስም የማወጣው እኔ ነኝ። የአምስቱንም ልጆቼን ስም አውጥቻለሁ፣ የጎረቤት ልጆችንም አውጥቻለሁ፣ ሦስት ሻይ ቤትና አንድ ወፍጮ ቤት ስማቸውን ያገኙት ከእኔ ነው። ከቡታጅራ ወልቂጤ አቋራጭ መንገድ አለ ይሉኛል፤ እኔ ግን እንደ ድሮው በዓለም ገና ነው የምዞረው፣ የለመድኩትን አልለቅም። ጥያ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ታፔላውን አይቶ «ፋዘር፣ እዚያ ትክል ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አላሳፈርኩትም። ሰይፉ ሟቹ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ነው፣ ክቡ ፀሐይ ነው፣ ቅርንጫፍ የሚመስለው ደግሞ እንሰት ነው እያልኩ ዓለም ገና እስክንገባ ድረስ ተረጎምኩለት። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀኝም። በዕድሜዬ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

ወልቂጤ ስወርድ ባዶ እጄን አራስ ቤት አልገባም አልኩና ከመናኸሪያው ወጣ ብሎ ካለ የልብስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ሰማያዊ ሻርፕ የተከናነበች፣ ሠላሳውን ያለፈች፣ ቁመተ ረዥም ሴት ናት። ለጨቅላ የሚሆን ብርድ ልብስ ስጪኝ ስላት ሦስት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝና፣ እኔ ጨርቁን በጣቴ ስዳስስ ቆማ ፊቴን ታይ ጀመር።

«ጋሽ ወልዴ አይደሉም? የቡታጅራው ማመልከቻ ጸሐፊ?»

«ነበርኩ። አንቺን ግን አላወቅኩሽም። የማን ልጅ ነሽ?»

«ያቺ የእሳት ጋኔን ነኝ» አለችኝ።

በድምጿ ውስጥ ሳቅ አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። ለማያውቃት ሰው ስሟን እንደምትናገር አድርጋ ነው የተናገረችው። በርጩማ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የተጀመረው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ስንት እንደሆኑ አሁን አልቆጥርም። ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር። ፓስቲ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶት የአንዱን ተማሪ የሂሳብ መልስ እያነበብክ ትበላለህ። ጎረምሳው ሁሉ ሰፊ ሱሪ ለብሶ ካሴት በኮት ኪሱ ይዞ ይዞራል። ሳልባጅ ተራ ክምሩ ሥር ተንበርክከው ኮት የሚመርጡ አስተማሪዎች ነበሩ፤ ተማሪያቸው ሲያልፍ ክምሩ ውስጥ ይደበቃሉ። ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የጉራጌኛውን ጭፈራ ከጠዋት ጀምሮ ያስነካዋል፣ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ዳኛው ሲናገር እንኳ ምስክሩ እግሩ ከሥር ዝም አይልም። እኔ የፍርድ ቤቱን አጥር ተደግፋ በቆመች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚና «ጸ» የምትዘልበት አንድ የጽሕፈት መኪና ነበረኝ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባጃጅ ነው የሚቆመው። ዘመኑ የማመልከቻ ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ ማንነቱን በወረቀት ይጠየቃል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ብሔር። ቀበሌው ስሙን ለወጠ፣ ትምህርት ቤቱ ስሙን ለወጠ፣ ትናንት በአንድ ስም ያደርንበት ሰፈር ጠዋት ሌላ ስም ይዞ ይነሳል። የዚህ ስም ትርጉሙ ምንድን ነው ያልተባለበት ቀን አልነበረም፣ መልሱም የሚፈለገው ከእኔ ጠረጴዛ ነበር።

በተለይ አረብኛ ያውቃል የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። የአረብኛዬን ነገር ዛሬ ልናዘዝ። በልጅነቴ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ አንድ የመናዊ ነጋዴ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ሰውየው ቁጡ ነበር። የፋኖስ ብርጭቆ በሰበርኩ ቁጥር «ያ ጉል!» ብሎ ጆሮዬን ይጠመዝዘዋል፤ ጉል ማለት ጋኔን፣ ሰው የሚበላ ጭራቅ መሆኑን ሚስቱን ጠይቄ ተረዳሁ። ላምባ ስቀዳ ሳፈሰው ደግሞ «ናር! ናር!» እያለ ይጮኻል፤ ናር እሳት ነው። እንግዲህ አረብኛዬ ይኸው ነው፤ የተናደደ ሰው ለዝርክርክ ልጅ የሚናገረው። ከላዩ ሰላምታና ቁጥር ጨማምሬ ሃያ ዓመት በአዋቂነት ኖርኩበት።

ሸምሱ የሚባለውን ሰው ያወቅኩት ከአሰብ ከተመለሰ በኋላ ነው። የመስቃን ልጅ ነው። በወጣትነቱ አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ ሸክም ሲሠራ ኖሮ፣ ወደቡ የሌላ አገር ሲሆን እንደ ብዙዎቹ ሚስቱንና አንዲት ጨቅላ ይዞ፣ ፍራሽና ራዲዮ ተሸክሞ ተመልሶ መጣ። ቡታጅራ ገበያ በርበሬ መነገድ ጀመረ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ሽርጡን አገልድሞ ከላይ ኮት ይደርባል፤ ይህን አለባበስ ከአሰብ እንዳመጣው እስኪሞት አልለወጠውም። እኔ ዘንድ የመጣው ልጅቷ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል የልደት ማስረጃ ማመልከቻ ሊያጽፍ ነው። እጇን ይዟታል፤ አዲስ ሸራ ጫማ ተጫምታለች፣ አንዱ ክር ተፈትቷል።

«ስሟ ማን ነው?» አልኩት።

«ጉልናር ሸምሱ።»

ጣቴ መኪናዋ ላይ ቆመ። «ማን አልክ?»

«ጉልናር። ከመርከበኛ ያገኘሁት ስም ነው፣ ወላሂ» አለና ታሪኩን ጀመረልኝ። የእርዳታ ስንዴ ሲራገፍ ገመድ ተበጥሶ ጆንያው እግሩ ላይ ይወድቃል። አንድ መርከበኛ ከላይ ዘሎ ወርዶ ከሥር ጎትቶ ያወጣዋል። መርከቡ ወደቡ ላይ በቆመበት ሦስት ሳምንት ሰውየው በየቀኑ እየመጣ ቁስሉን ያጥብለታል፣ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ ያመጣለታል። ቋንቋ አይግባቡም፤ ሰውየው ከፋርስ አገር ነው፣ ወደቡ ላይ አጀሚ የሚሏቸው። አንድ ቀን ከኪሱ የልጁን ፎቶ አውጥቶ፣ ጣቱን ፎቶው ላይ እያደረገ «ጉልናር፣ ጉልናር» አለው። መርከቡ የሄደ ቀን ሸምሱ እያነከሰ ወደቡ ጫፍ ድረስ ሸኘው። አምላክ ሴት ልጅ ከሰጠኝ በዚህ ስም እጠራታለሁ ሲል ለራሱ ቃል ገባ።

«ትርጉሙን በምልክት ጠይቄው ነበር» አለኝ ሸምሱ። «እንዲህ አደረገ።» እጁን ጨበጠ፤ ከዚያ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ ከፈታቸው። «ቀጥሎ መርከቡ ላይ ያለውን ቀይ መብራት አሳየኝ። እንግዲህ ቀይ ነገር ነው፣ የሚከፈት ቀይ ነገር። እርስዎ አረብኛ ያውቃሉና ምን ይሆን ጋሽ ወልዴ? አረብኛ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ሰውየው አረብኛ አይችልም ነበር።»

አግዳሚው ላይ አራት ባለጉዳዮች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል።

«ይሰግድ ነበር?» አልኩት።

«ይሰግዳል እንጂ።»

«ታዲያ አረብኛ ነዋ! ናር እሳት ነው። ቀይ ያለህ እሳት ነው፤ እጁን የከፈተውም ነበልባሉ ቦግ ሲል ነው። ጉል ደግሞ...» እዚህ ላይ ቆምኩ። እዚህ ላይ መተው እችል ነበር። «ጉል ጋኔን ነው። አይ ሸምሱ፣ መርከበኛው ተጫውቶብሃል! ልጅህን የእሳት ጋኔን ብለህ ነው የጠራሃት!»

አራቱም ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፣ ስለማስታውሰውም ራሴን እጠየፋለሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ሸምሱ እጁን እንደከፈተ ነበር፤ ከፍቶ መያዙን ረስቶት።

ቀልዱ አግዳሚው ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር። የዚያን ጊዜዋን ቡታጅራ ያየ ሰው ያውቃል፤ ጠዋት ፍርድ ቤት ደጃፍ የተነገረ ነገር በቀትር በርበሬ ተራ ይደርሳል፣ ከሰዓት አዲስ አበባ በሚሄደው ቅጥቅጥ ተሳፍሮ ይወጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ የእሳት ጋኔን አሏት፣ ሲያጥር ጋኔኗ ሆነ። ሻይ ቤት ውስጥ ጋዝ የሚያቀጣጥል ሰው እሷ ስታልፍ «ኧረ ራቂልኝ» ይላታል፣ ሰው ይስቃል። እሷ አደገች። ከአባቷ መደብ ተቀምጣ በርበሬ ትመዝናለች፤ ዓይኗን ሸፍነህ ብታቀርብላት የማረቆውን በርበሬ በማሽተት ብቻ ከሌላው ለይታ ትነግርሃለች ይባል ነበር። በየቀኑ በእኔ ዳስ በኩል ታልፋለች፣ በየቀኑም «እንደምን አደሩ ጋሽ ወልዴ» ትለኛለች። እኔም «ደህና፣ የእሳቷ» እላታለሁ። አፏን ሳትከፍት ፈገግ ትላለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰላምታዋን አንድ ቀን እንኳ አላስቀረችብኝም፤ ዛሬ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ሞባይል ቀፎ በእጅ መያዝ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን ነስሩ የሚባል ልጅ ወደዳት። ነስሩ ቡታጅራ ውስጥ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ የነበረው የጋሽ ሙዘይን የወንድም ልጅ ነው፤ መርካቶ ይሠራል፣ ለአረፋ ይመጣል። የቆዳ ጃኬት አለው፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛል። የጨርቅ ነጋዴ ዘመድ በርበሬ ተራ ምን ሥራ አለው? ግን አረፋ በደረሰ ቁጥር ከሸምሱ መደብ አይጠፋም፤ በርበሬ የሚመርጥ መስሎ ሲያስነጥስ ይውላል። እሷም በሻርፗ አፏን ሸፍና ትስቅበታለች። ሽማግሌ ተላከ፣ ሸምሱ እሺ አለ፣ ኒካሁ ከአረፋ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። የሠርጉን መጥሪያ የተየብኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ቤት ተከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የእኛን ወረቀት የሚጽፉት እርስዎ ነዎት ብላ ወደ እኔ መጣች። ጠረጴዛዬን ተደግፋ «ስሜን በትልቁ ያድርጉልኝ» አለችኝ። በአረንጓዴው ድሪያ ቀሚሷ ላይ የተጠለፈው ክር ያብረቀርቃል። ስሟን በትልቁ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ኒካሁ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሙዘይን ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ የከሰል ካውያውን ጨርቅ ላይ ረስቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። የሱቁ ግማሽ ነደደ። የጨርቁ ሽታ አንድ ሳምንት ከከተማው አልወጣም። ሰው ግን አልተጎዳም፤ ምክንያቱንም የማያውቅ አልነበረም፣ ልብስ ሰፊው ራሱ እያለቀሰ ተናግሯል። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ካውያው ተረሳና ስሙ ተነሳ። ገና ቤታቸው ሳትገባ ሱቃቸውን አቃጠለች ተባለ።

ሙዘይን መጥፎ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሄደው መስጊድ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኪታብ ሲያነቡ ወደኖሩት ሼህ ዘንድ ነው። ሼሁ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግመው ሰሙና «ይህ አረብኛ አይመስለኝም። ትርጉሙን አላውቀውም፣ አላሁ አዕለም፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ልጅቷ ግን ምን አጠፋች?» አሉት። እኚያ ያን ሁሉ የተማሩ ሰው አላውቅም አሉ። ሙዘይን ይህን መልስ ይዞ ከሚያጉረመርም ቤተሰብ ፊት መቆም አልሆነለትም። ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሽ ወልዴ፣» አለኝ፣ «ያኔ ስለ ልጅቷ ስም የተናገርከው ቀልድ ነው ወይስ የምር ነው? እውነቱን ንገረን። የምንወስነው ከዚህ ተነስተን ነው።»

ከዚህ ተነስተን። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። ቀልድ ነበር ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሼሁን አልፈው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥተዋል፣ ባለጉዳዮቹ ከአግዳሚው ተነስተው ቦታ ለቀውላቸዋል። ሼሁ ያላወቁትን እኔ ላውቅ ነው። መነጽሬን አወለቅኩ፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ።

«ቋንቋው ይኸው ነው» አልኩ። «ጉል ጋኔን፣ ናር እሳት። እኔ አልፈጠርኩትም።»

ሙዘይን ራሱን ነቀነቀ። «በቃ፣ ሰማን» ብሎ ተነሳ። በነጋታው የጋብቻው ቃል ፈረሰ። ነስሩ ሁለት ቀን አኩርፎ ከቤት ሳይወጣ ቆየና በሦስተኛው ቀን ወደ መርካቶ ተመለሰ። በዓመቱ ሌላ አገባ፤ ለሠርጉ ቡታጅራ ሲመጣ ያን የቆዳ ጃኬት ለብሶ ነበር።

ያን ቀን ምሳ ልበላ ስገባ ሮማን ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ጠበቀችኝ። «የማታውቀውን አላውቅም ብትል ምን ትሆናለህ? የሰው ልጅ ናት እኮ!» አለችኝ።

«ቋንቋው ነዋ፣ ምን ላድርግ?»

«ቋንቋው! ያንተ ቋንቋ ፋኖስ መስበር ነው» አለችኝ። ተላላኪነቴን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ነገሩን በሳቅ ላሳልፈው ብዬ «አንቺ ምን አለብሽ፣ ያንቺ ስም ሮማን ነው፣ የሚበላ ፍሬ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ ወጣች። ብቻዬን በላሁ፣ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከወር በኋላ ጉልናር መጣች። አግዳሚው ላይ ተራዋን ጠበቀች፤ ከፊቷ የነበሩት ባለጉዳዮች ጨርሰው ሲሄዱ ተነስታ ቆመች። ያን ቀን ሰላም አላለችኝም።

«ስም ለማስቀየር ነው» አለች።

«በማን ይቀየር?»

«ትርጉም የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ክፉ ትርጉም የሌለውን ይምረጡልኝ።»

ወረቀቱን መኪናዋ ላይ ሳስገባ ጠመመብኝ፣ እንደገና አወጣሁት። «ሰሚራ» አልኳት፤ በየሰፈሩ ሁለት ሦስት ሰሚራ አለ፣ ማንም አይጠይቃትም ብዬ ነው። «ሰሚራ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ነገር ነው» አልኩ። የሰሚራንም ትርጉም አላውቅም ነበር። ከዚያ እንደ ልማዴ «እኔ አመልካች ከዚህ ቀደም የምጠራበት ስም በማኅበራዊ ኑሮዬ ላይ ችግር ስላስከተለብኝ» ብዬ ተየብኩና አነበብኩላት። «ችግር ያስከተለብኝ ስሙ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው እንዲህ ሲባል ነው» አልኳት። ፈረመች። ፊርማዋ ውስጥ ጉልናር የሚለው ለመጨረሻ ጊዜ ተጻፈ፣ እኔም ቴምብሩን በምራቄ አርሼ ከጎኑ ለጠፍኩ።

ሸምሱ አዲሱን ስም በአፉ አላዞረውም። የድሮውንም ተወው። «አንቺ» ነበር የሚላት። «አንቺ፣ ሚዛኑን አቀብይኝ»፣ «አንቺ፣ ጆንያውን እሰሪው።» ሠላሳ ጊዜ የሰማንለትን የመርከበኛውን ታሪክ ከዚያ ወዲያ ሲያወራው የሰማ የለም። በእኔ ዳስ በኩል ማለፍም ተወ። ክረምት ሲሆን ያ መንገድ ብቻ ነው ጠጠር ያለው፤ እሱ ግን እግሩን እየጎተተ በታችኛው በኩል ጭቃውን ዞሮ ይሄዳል፣ እኔ ከመኪናዬ ኋላ ሆኜ አየዋለሁ። ያን ጊዜ የቡታጅራ ልጃገረድ ሁሉ ወደ አረብ አገር የምትሄድበት ጊዜ ነበር፤ እሷም በሰሚራ ፓስፖርት አውጥታ ሄደች። እሷ በሄደች በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዓመት ሸምሱ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሙዘይንም ነበር፤ ተያየን።

ይህን ሁሉ ሳስብ ወልቂጤ፣ የሷ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አረብ አገር ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ኖራለች፤ ሥራዋ የባለቤቱን እናት መጠበቅ ነበር። አሮጊቷ በጋብቻ ወደዚያ አገር መጣች እንጂ ትውልዷ ፋርስ ነው።

«አንድ ቀን ፀጉሯን ሳበጥርላት "ድሮ ሌላ ስም ነበረኝ" አልኳት፣» አለችኝ። «ትርጉሙ ክፉ ስለሆነ አፍሬ ነው የነገርኳት። ስትሰማ ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደችና ዞራ አየችኝ። ከዚያ እንዲህ አደረገች።»

እጇን ጨበጠች። ከአውራ ጣቷ ጀምራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀስ አድርጋ ከፈተቻቸው። ያን እጅ አውቀዋለሁ።

«ጉል በነሱ ቋንቋ አበባ ነው» አለች። «እርስዎ ያሉት የአረቡ ሌላ ነው፣ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። በኛ አፍ ነው አንድ የሆነው። ናር ያሉትም አናር ነው፤ አናር ማለት ሮማን ነው። የሮማን አበባ። ቀይ ነው፣ ሲከፈት እንዲህ ነው አለችኝ። የድሮ ስም ነው አለች፤ ለአያቶቻችን ነበር የሚወጣው፣ አሁን እዚያም ብዙ አይሰማም። አረቦቹ ራሳቸው ቃሉን ከነሱ ወስደው ጁልናር ይላሉ አለችኝ።»

ሮማን። አርባ ምናምን ዓመት በየቀኑ የምጠራው ስም። ሸምሱ እጁን ከፍቶ ሲያሳየኝ መልሱ ቤቴ ውስጥ ነበር።

«አባትሽ ሰማ?» አልኳት።

«እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው የሰማሁት።»

የማመልከቻ ጸሐፊ ነገር ብቻ መጣልኝ። «ስሙን ላስመልስልሽ» አልኳት። «እኔ እጽፈዋለሁ። አንድ ማመልከቻ ነው፣ ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ።»

«ማን ሊጠራኝ?» አለች። «የንግድ ፈቃዱ ሰሚራ ነው። የልጆቼ እናት ሰሚራ ናት። ጉልናር ብሎ የሚጠራኝ አባቴ ነበር።» ብርድ ልብሱን አጣጠፈች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ ጋሽ ወልዴ። አባቴ ያን ቀን እጁን ከፍቶ ሲያሳይዎት ትርጉሙን ያውቁት ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

«ያኔ ይህን ቢሉን ይበቃን ነበር» አለችኝ። ብርድ ልብሱን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። «እንኳን ደስ አላችሁ። ማን አላችኋት?»

«ገና ነው።»

ከዚያ በባጃጅ ጉብሬ ገባሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ታጠባለች፣ ሮማን እግሯ ሥር ተቀምጣ የሕፃኗን ልብስ ታጣጥፋለች። ጫማዬን ሳላወልቅ «እሺ አባባ፣ ስሙን አሰብክ?» አለችኝ ልጄ። «አላውቅም፤ አንቺ ነሽ እናቷ፣ አንቺ አውጪላት» አልኩ። እናትና ልጅ ተያዩ። «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ ልጄ። ፌስታሉን አስቀምጬ ሮማን አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ከሸምሱ እጅ ጀምሬ። በስሟ ልጠራት አፌን ከፈትኩና ስሙ አልወጣ አለኝ።

«አንቺ...» አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን ልብስ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለችኝ። «ስም የለኝም እንዴ?»